የባዝራዋ ደረት

ያንግዶል የአያቷ የመሜ ቱንዱፕ ዓይን እየጠበበ መሆኑን ያወቀችው በበር መቃን ነው። ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡት ሽማግሌ፣ ዕድሜ ልካቸውን የወጡበትን የገቡበትን በር መቃን በትከሻቸው ይመቱት ጀመር። የከተማው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ሉንግቡ መንደር ተመልሰው ምድጃው አጠገብ ከተቀመጡ በኋላ መሜ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን እንደ ቀለበት ገጥመው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«የቀረችኝ ይህቺ ናት» አሉ። «በዚህች ስካርማሪን ልየው።»

ስካርማሪ፣ ታርላ በር የሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ካልወጡ በቀር ከዚህኛው ሸለቆ የማይታይ ተራራ ነው። መሜ የተወለዱት ከበሩ ማዶ፣ ከእግሩ ስር ነው። ወደ ሉንግቡ የመጡት ወንድ ልጅ ያልነበረበትን ቤት ሴት ልጅ አግብተው፣ እንደ አገሩ ልማድ በሚስታቸው ቤት ሊኖሩ ነው። በጎልማሳነታቸው በፈረስ ጨውና ገብስ ጭነው በሩን ሲመላለሱ ተራራውን ያዩት ነበር። የመኪና መንገድ ሲመጣ የሲራራው ሥራ ቀረ፣ ፈረሶቹ ተሸጡ። መሜም የዘንድሮ ሥራ ይለቅ፣ የከርሞ ገብስ ይግባ ሲሉ፣ ታርላን ሳይወጡ አረጁ።

አሁን ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። በሩ በበረዶ የሚዘጋበት ጊዜ ቀርቧል። በሩ መልሶ ሲከፈት የመሜ ቀለበት ክፍት ሆና ትቆይ እንደሆነ ደግሞ ሐኪሙም አላወቀም።

በሐምሌ የወረደው ጎርፍ የበሩን መንገድ ድልድይ ጠርጎ ወስዶታል። በቦታው ሁለት ግንድ ተጋድሞ ሳንቃ ተረብርቦበታል። ጂፕ አያልፍበትም፤ እግረኛ፣ አህያና ሞተር ሳይክል ያልፋሉ። ሞተር ሳይክል ደግሞ ያንግዶል አላት። በየመንደሩ እየዞረች ፍየልና በግ የምትከትብ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ናት፤ ሞተር ሳይክሏን የገዛችው አምና ነው። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማዋ ለድንጋይ መንገድ የተሠራ፣ ከፊት ለፊቷ እንደ ወፍ መንቁር የሾለ ነገር የወጣላት።

ከጉዞው በፊት ባለው ቀን የአጎቷ ልጅ ስቶብዳን ግቢ መጣ። ስቶብዳን በትልልቅ ሞተር ሳይክል ቱሪስት የሚመራ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው የሚነዳውን ነገር ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያያል።

«ታርላን ልትወጪ ነው አሉ» አለ። «በዚህች የወተት ማመላለሻ?»

«ወተት ብታመላልስ ምን አለበት። ያንተዋ የምታመላልሰው ወሬ ነው።»

«ራዲያተር እንኳ የላትም እኮ! ውሃዋ የታለ?»

«በዘይት ነው የምትቀዘቅዘው።»

«በዘይት የሚጠበስ እንጂ የሚቀዘቅዝ ነገር አይቼ አላውቅም» አለና ለራሱ ሳቀ። «ድንችም ቢሆን ዘይት ውስጥ ሲገባ አይቀዘቅዝም።»

«ባለፈው ክረምት የአንተ ውሃ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ሲሰነጥቅብህ በገመድ ጎትቶ ያመጣህ ማን ነበር? ድንች ነው?»

«በይ እሺ። እዚያ ላይ ስትቆምብሽ ደውዪልኝ።»

«እዚያ ስልክ አይሠራም።»

«አውቄ ነው ያልኩሽ» አለና ሄደ።

ያንግዶል መልስ አላጣችም፤ ሆኖም ንግግሩ ሆዷ ውስጥ ቀረ። ሞተር ሳይክሏ እስከዚያ ከፍታ ሁለት ሰው ጭና ወጥታ አታውቅም።

ጠዋት መሜ ወፍራሙን የሱፍ ካባቸውን ታጥቀው ወጡ። ካባው ከመቀነቱ በላይ በደረት በኩል ሰፊ ጉያ አለው፤ መሜ ከቤት የሚወጡት በሶውን፣ ዋንጫውን፣ ጠፍሩንና ሌላውን ኮተት ሁሉ እዚያ ከትተው ነው። መንገድ ለሚጀምር ሁሉ እንደሚደረገው ነጭ የሐር ሻሽ የሞተር ሳይክሏ መሪ ላይ አሰሩ። ከዚያ ፈረስ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ዞር ዞር ብለው መረመሯት፤ ዓይናቸው ጠባብ ስለሆነች ምርመራው ብዙ ጊዜ ወሰደ።

«ባዝራዋ ጥሩ እግር አላት» አሉ። «ላቧ ግን በየት ነው የሚወጣው?»

«አያልባትም፣ መሜ።»

«ይህን በር የሚወጣ የማያልበው ፍጥረት የለም።»

ያንግዶል ጓንቷን አወለቀችና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ሞተሩ ውስጥ እሳት እንዳለ፣ እሳቱ በየቅጽበቱ እንደሚፈነዳ፣ ዘይቱ በእሳቱ ዙሪያ በተቀደደለት ቦይ እየዞረ ሙቀቱን እንደሚሸከም ነገረቻቸው። ከዚያ ጣታቸውን ይዛ ከፊት ጎማው ጀርባ ወደተሰቀለው፣ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ሽንትር ሽንትር ያለ ብረት ወሰደቻቸው።

«እዚህ ይመጣል። እዚህ ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጥና ተመልሶ ወደ እሳቱ ይገባል። እንደገና ይሸከማል፣ እንደገና ይመጣል።»

መሜ ጣታቸውን በሽንትሮቹ ላይ አሳለፉ። «ያው ዘይት ነው? አንዱ?»

«አንዱ።»

«ከእሳቱ ወጥቶ ወደዚያው እሳት ይመለሳል?»

«ሳያቋርጥ።»

መሜ ቤተ መቅደስ ውስጥ መብራት ፊት እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻ ብረቱን በመዳፋቸው ቸብ አደረጉት። «ደረቷ ነዋ!»

ያንግዶል ቸኩላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደመና ስካርማሪን እንደሚሸፍነው አገር ያውቃል። «አዎ፣ ደረቷ ነው፤ ይውጡ አሁን» አለችና ሄልሜቱን አጠለቀችላቸው።

የሳንቃው ድልድይ ላይ ሲደርሱ መሜ ወርደው በእግራቸው ተሻገሩ፤ እሷ ሞተሩን አስነስታ በቀስታ እየገፋች አለፈች። ከዚያ መንገዱ መውጣት ጀመረ። ሞተሯ አላቃሰተችም። ከታች የሚመጣው ድምፅ እንደ ወፍጮ አንድ ዓይነት ነበር፤ ያንግዶልም የስቶብዳንን ሳቅ ቀስ በቀስ ረሳችው። የግጦሹ ጫፍ ላይ፣ ከበሩ በፊት የመጨረሻው ቤት የሆነው የአቼ ቾሮል ሻይ ቤት አለ። መሜ እንዲሞቃቸው ብላ እዚያ ቆመች።

አቼ ቾሮል ገና ከሩቅ አይታቸው ድስቱን ጥዳለች፤ በአገሩ ሰላምታ ተቀበለቻቸው። «ጁሌ፣ ጁሌ! መሜ ቱንዱፕ፣ አሁንም በሕይወት አሉ?»

«አንቺ ሻይሽን እስክታጠጪኝ ድረስ አለሁ።»

«ለነገሩ ከዚህ በላይ የሚወጣ ሰው ከጠጣው በኋላ ነው የሚሞተው» አለች አቼ ቾሮል፣ በጨውና በቅቤ የተናጠውን ሻይ እየቀዳች። «ምነው ዛሬ በብረት? ፈረሱስ?»

«ይህቺም ፈረስ ናት» አሉ መሜ። «ቆይ፣ ልያት፤ ቁሩ በርትቷል።» ዋንጫቸውን አስቀምጠው ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

ያንግዶል ከእሳቱ አጠገብ አልተነሳችም። አቼ ቾሮል በጎቿ እንደሚያስላቸው እየነገረች፣ ክትባቱ መቼ እንደሚመጣ ትጠይቃት ነበር። መሜ ተመልሰው ገቡ፤ እጃቸውን አሻሽተው ሻያቸውን ጨረሱ። ፊታቸው ላይ ሥራውን በወግ የሠራ ሰው እርካታ ነበር፤ ያንግዶል አየችው፣ የመንገዱ ደስታ ነው ብላ አሰበች።

ከሻይ ቤቱ በኋላ ሣር አለቀ። ድንጋይና ሰማይ ብቻ ቀሩ። ነፋሱ ከበሩ ወደ ታች በቀጥታ ይነፍሳል። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ አንድ ሽታ መጣባት፤ ለዓመት በዓል የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸት ዓይነት። እረኞች ይሆናሉ ብላ ዙሪያዋን አየች። እረኛ የለም። የሚቀጥለው ዳገት ላይ ጋዝ ስትሰጣት ሞተር ሳይክሏ እንደ ወትሮዋ አልሄደችም። ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ቀጭን መንቋቋት ተሰማ። ቀጥሎ ከመሪው በታች ቀይ መብራት በራ።

አጠፋቻት። ዝምታው ወረደባቸው።

«ምነው ቆምን?» አሉ መሜ።

«ሞቃለች።»

ወርዳ የዘይቱን መጠን በሞተሩ ጎን ባለችው የመስታወት መስኮት አየች፤ ሙሉ ነው። የሚንጠባጠብ የለም። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የስቶብዳን ድንች ትዝ አላት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀና ስትል ከበሩ በግራ በኩል፣ ከማዶው ሸለቆ፣ የደመና ጫፍ እንደ ተነደፈ ሱፍ ብቅ ብሎ አየች።

መሜ የውሃ ኮዳውን ከጉያቸው አወጡ። «እናጠጣት።»

«አይሆንም! በጋለ ብረት ላይ ውሃ ቢፈስ ይሰነጠቃል። ይተዉት፣ መሜ።»

የሚለበለበው ሽታ ግን አልሄደም። አሁን እረኛ አለመኖሩ ግልጽ ነው። ያንግዶል ሽታውን እየተከተለች ከፊት ጎማው ኋላ ተንበረከከች፤ አየችው። በዘይቱ ማቀዝቀዣ ላይ፣ ሽንትሮቹ አንዳቸውም እንዳይታዩ፣ የታጠፈ ወፍራም ሱፍ ግጥም ብሎ ተለጥፏል። በጠፍር ታስሯል፤ አስተሳሰሩም እንደ ጭነት ነው፣ በሁለት ዙር፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ። ዳሩ ጠቁሮ ይጨሳል።

ሱፉን ታውቀዋለች። መሜ ከመጨረሻው ፈረሳቸው ኮርቻ ስር የነበረውን ጨርቅ ቆርጠው በጉያቸው ይዘውት የሚዞሩት ነው።

«መሜ! ይህን እርስዎ ነዎት ያደረጉት?»

«ሻይ ቤቱ ጋ ነው» አሉ መሜ፣ በሥራቸው ሳያፍሩ። «ትኩስ ሆና ቆማ ነበር፤ ነፋሱ ደግሞ በደረቷ ነው የሚገባው። በዳገት የሞቀ ፈረስ ደረቱን ሳይሸፍኑት ነፋስ ላይ ካቆሙት ሳንባው ተመትቶ ያድራል። አንድ አጋሰስ እንደዚያ ሞቶብኛል፤ እዚሁ መንገድ ላይ።» ከዚያ የያንግዶልን ፊት በትንሿ የዓይናቸው ክብ ፈልገው አገኙት። ያዩት ነገር ድምፃቸውን ቀየረው። «ምነው? አጥብቄ አሰርኩት እንዴ?»

ያንግዶል ልትጮህ ነበር። አፏም ተከፍቶ ነበር። ግን ቋጠሮውን ስትፈታ እንዴት በጥንቃቄ እንደተቋጠረ፣ ጠፍሩ ሌላ ቱቦ እንዳይነካ እንዴት ዞሮ እንደሄደ አየች። በዳበሳ የተሠራ ሥራ ነው።

«ፈረስ አይደለችም፣ መሜ» አለች በቀስታ። «ያን ነፋስ ነው የምትተነፍሰው። እርስዎ የሸፈኑት አፍንጫዋን ነው።»

መሜ የተቃጠለውን ሱፍ ተቀብለው በእጃቸው አገላበጡት። «ገደልኳት?»

«አላውቅም። እንጠብቅ።»

ሞተር ሳይክሏን ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ አቆመቻት። ነፋሱ አሁን ያለ ከልካይ ገባ። ያንግዶል የመሜን እጅ ይዛ ከማቀዝቀዣው በስተኋላ አደረገችው፤ ሽማግሌው ደነገጡ፣ ግን እጃቸውን አልሳቡም። ከፊት የሚገባው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል፤ ከኋላ የሚወጣው ደግሞ የፈረስ አፍንጫ ላይ እንዳለው ትንፋሽ ነው፣ ሙቅ፤ እርጥበቱ ብቻ የለም። በአንድ መዳፍ ውፍረት ብረት ውስጥ በረዶው እሳት ሆኖ ወጣ።

«ያ የነገርሽኝ ዘይት ነው?» አሉ መሜ በሹክሹክታ።

«እሱ ነው። ሙቀቱን እያራገፈ ነው።»

«ቆማም?»

«ቆማም ትንሽ ትንሽ፤ ነፋስ ካገኘች።»

መሜ መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ፤ እጃቸው ከዚያ አልተነሳም። «ሰማንያ ዓመት ሊሆነኝ ነው» አሉ። «በዚህ በር የሚነፍሰው ነፋስ ገዳይ እንጂ መድኃኒት መሆኑን አላውቅም ነበር።» ደጋግመው መዳፋቸውን እያገላበጡ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ያዙ። ተራራውን የረሱ ይመስሉ ነበር። ያንግዶል ግን አልረሳችም። የደመናው ጫፍ ሰፍቷል።

ብረቱ ጠቅ ማለቱን ሲያቆም ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሳ። አዳመጠችው፤ የጣሳው ጠጠር የለም፣ ወፍጮው ተመልሷል። ቀዩ መብራት ጠፍቷል። ያም ሆኖ ከፊታቸው ያለው የመጨረሻው ዳገት ከሁሉም የከፋው ነው።

«እንመለስ» አሉ መሜ። «በእኔ ዓይን ምክንያት ባዝራዋ አትሙት። እንጀራሽ ናት።»

«ትችላለች።»

«ሁለት ሰው ተሸክማ?»

ያንግዶል ዳገቱን ቀና ብላ አየችው። መሜ ግን ተነሱ፤ ካባቸውን ከፍ አድርገው በመቀነታቸው ሰኩ። ወደ ኋላ ሄደው የዕቃ መጫኛውን ብረት በዳበሳ አገኙና በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይሄ ዳገት ላይ ፈረስ የተቀመጠ ሲራራ አላውቅም» አሉ። «ወርደን ጅራቷን እንይዛለን። ሂጂ!»

«መሜ፣ እዚህ ከፍታ ላይ? ልብዎ ቀጥ ቢልስ?»

«ጅራት ይዤ ከሞትኩ ጎረቤት አያማኝም። ሂጂ አልኩሽ!»

በአንደኛ ማርሽ፣ ሰው ከሚራመደው ሳትፈጥን፣ ሄደች። በመስታወቱ ውስጥ ከመሜ ሄልሜት በቀር የሚታይ አልነበረም፤ ወደ ታች ያጎነበሰ፣ በእርምጃ ምት የሚወዛወዝ። መንገዱን አያዩም፤ ብረቱ ወደሚጎትታቸው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ሲስሉ ትሰማለች፤ ልታቆም ስትል «ች! ች!» እያሉ ፈረስ እንደሚነዱ ይነዷታል። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታል፤ መሪው ላይ የታሰረው ነጭ ሻሽ እየተርገበገበ ክንዷን ይመታዋል። ከጉልበቷ መሃል፣ በዚያ ሁሉ ቁር ውስጥ፣ እሳቱና ዘይቱ ይዞራሉ። ያንግዶል ሞተር ሳይክሏን እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንደ ዕቃ ነበር የምታውቃት። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራቻት፤ ልክ ትልቅ ነገር አጠገብ ሲሆኑ እንደሚፈራው።

ዳገቱ አለቀ። የድንጋዩ ክምርና የጸሎቱ ባንዲራዎች ታዩ፤ ባንዲራዎቹ በነፋሱ እንደ ብዙ ወፍ ይጮኻሉ። ሞተሩን ስታጠፋ መሜ ብረቱን ለቀቁ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ከዚህ ከፍታ የደረሰ ሁሉ ለአማልክቱ የሚጮኸውን ጩኸት ጮኹ፤ «ኪ ኪ ሶ ሶ! ላርግያሎ!» ድምፃቸው ተሰነጣጥቆ በነፋሱ ተወሰደ።

«የት ነው?» አሉ ቀጥሎ።

ያንግዶል ሄልሜታቸውን አወለቀችላቸው፤ ትከሻቸውን ይዛ አዞረቻቸው። እሷ ራሷም በሩን ከወጣች ቆይታለች፤ ብትወጣም ሁልጊዜ ለመውረድ እየቸኮለች ነበር። አሁን አየችው። ደመናው የተራራውን ግማሽ ጎን ውጦታል። የቀረው ግማሽ ግን ከሸለቆው ተነስቶ የሰማዩን ወለል አልፎ ነበር፤ ዓይን እዚህ ጋ ያልቃል ሲል ከዚያ በላይ ሌላ ነጭ ይጀምራል። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።

«ዝም በይ» አሉ መሜ። «እኔ ልፈልገው።»

በትንሿ ክባቸው ከእግሩ ጀመሩ። ጭንቅላታቸው በቀስታ ይንቀሳቀሳል፤ ተራራውን ቁራሽ በቁራሽ፣ ሸንተረር በሸንተረር እየወጡት ነው። «ያ ቀዩ ገደል አለ» አሉ። ቆዩ። «ያ የበረዶ ምላስ አጥሯል። ድሮ እስከ ገደሉ ይደርስ ነበር።» ቆዩ። ያንግዶል ደመናው ሲሄድ ታያለች፤ ከመሜ ዓይን ቀድሞ ጫፉ ላይ እንዳይደርስ በሆዷ ትለምናለች፤ ይፍጠኑ ግን አላለችም። የዓይን ቁራሽ የቀረው ሰው ሊፈጥን አይችልም። አገጫቸው ከፍ አለ። ከፍ አለ። አንገታቸው ወደ ኋላ እስኪያዘነብል ድረስ ከፍ አለ።

እዚያ ቆመ።

ነፋሱ እንባቸውን ወደ ጆሮ ግንዳቸው ይገፋዋል፤ አላበሱትም። ዓይናቸውን ቢከድኑ የሚያመልጣቸው ይመስል አላርገበገቡም። ያንግዶል ምን እንደሚያዩ አይታ አረጋገጠች፤ የጫፉ በረዶ በነፋስ ተነስቶ እንደ ጭስ ወደ ፀሐይ ይሄድ ነበር። ከዚያ ደመናው መጣና አንዱን ከሌላው ሳይለይ ሁሉንም ወሰደ።

መሜ አገጫቸውን ለማውረድ ጊዜ ወሰዱ።

«ትልቅ ነው» አሉ። «በልቤ አሳንሼው ኖሬያለሁ።»

የተለበለበውን ሱፍ ከጉያቸው አውጥተው ለአፍታ ያዙት፤ መልሰው ከተቱት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሞተር ሳይክሏን ፈለጉ፤ መቀመጫዋን፣ መሪዋን፣ ከዚያ ሽንትር ሽንትሩን ብረት አገኙ። መዳፋቸውን ከኋላው አደረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው በጉንጫቸው ከየት እንደሚመጣ ለኩ፤ ያንግዶል ሞተር ሳይክሏን ያቆመቻት ጎኗን ለነፋሱ ሰጥታ ነበር።

«ያንግዶል፣ ምን ዓይነት ባለፈረስ ነሽ?» አሉ። «ደረቷን ወደ ነፋሱ አዙሪላት እንጂ።»